ስለ ጥላሁን ገሠሠ መርዶና ስለ ዕድራችን ጥሩምባ

በየዓመቱ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ላይ ከአሁን ቀደም ስለ ድንኳናችን አገዛዝ፣ ስለ ሰፈራችን መንገድ አሠራርና ስለ ቀደምት አባሎቻችን ጽፈን ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ስለ አንድ ዘፋኝ መርዶ ልንጽፍ ተነሥተናል። «ዕድርንና ዘፋኝን ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ይኸው ጥያቄ በ2001 ዓ.ም. በኮሚቴያችን ፊት ቀርቦ ነበርና መልሱን ለማግኘት ስንት እንደ ተቸገርን እናውቃለን። ስለዚህ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንዲነበብልን በትሕትና እንጠይቃለን።

እኛ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልዘለቅንም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥረን፣ ደብዳቤ ስንመዘግብና ፋይል ስናወጣ ስናስገባ ኖረን ጡረታ ወጣን። የዕድራችንን ቃለ ጉባኤ ግን ከወጣትነታችን ጀምሮ ስንይዝ ስለ ኖርን፣ ይህን የምንጽፈው የራሳችንን ትዝታ ከመዝገቡ ጋር እያመሳከርን ነው። ስሕተት ቢገኝ በእኛ እንጂ በዕድሩ አይመካኝ።

ነገሩን ከሰፈራችን ስም እንጀምር። የዛሬ ልጆች «ንፋስ ስልክ» ሲባል ንፋስ የሚበረታበት ስፍራ ይመስላቸዋል። ኧረ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ስልክና ቴሌግራፍ የሚሄደው በሽቦ ነበር። በኋላ ሽቦ የማይፈልግ፣ መልእክትን በአየር ላይ የሚያደርስ መሣሪያ ሲመጣ ሕዝቡ የራሱን ስም አወጣለት፤ «የንፋስ ስልክ» አለው። ጣቢያው ከከተማው በስተደቡብ በዚህ በእኛ አቅጣጫ ስለ ቆመ ስሙ ለሰፈሩ ቀረ። የአገራችን ራዲዮ የተጀመረውም በዚሁ ነው፤ ዘመኑ 1927 ዓ.ም.፣ የማሠራጫው ኃይል ደግሞ አንድ ኪሎ ዋት ብቻ። የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የአገራቸውን አቤቱታ ለውጭው ዓለም በራዲዮ አሰሙ። ብዙም ሳይቆይ ጠላት ገባና ሥራው ተቋረጠ። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ እንደገና ቀጠለ።

እንግዲህ የእኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከራዲዮ ነው ማለት ነው። ይህን ያነሣነው ለኩራት ብቻ አይደለም። ራዲዮና የዕድር ጥሩምባ ሥራቸው አንድ መሆኑን ለማሳየት ነው። የእኛ ጥሩምባ ነፊ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ በየመስቀለኛው መንገድ እየቆመ ነፍቶ፣ የሟቹን ስም፣ የለቅሶውን ቤት፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል። ድምፁ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል፤ ከዚያ አያልፍም። ራዲዮ ግን ይኸንኑ ለአገር ሙሉ ይናገራል። ልዩነቱ ጥሩምባ ነፊያችን ሕግ አለው። ለተመዘገበ አባልና በዝርዝር ለተያዙ ቤተሰቦቹ ካልሆነ በስተቀር አይነፋም።

መርዶም ሥርዓት አለው። አባቶቻችን መርዶ በመንገድ ላይ አይናገሩም። በሽምግልና የታወቁት ተሰብስበው፣ ሌሊት ተነሥተው፣ ሊነጋ ሲል የባለቤቱን በር ያንኳኳሉ። ዘመድ አጠገቡ መኖሩ ይታያል፤ ልበ ድውይ ከሆነ ውሃ ይዘጋጃል። ራዲዮ ይህን ሥርዓት ሊጠብቅ አይችልም። አንዱን ብቻውን ምድጃ ሥር ተቀምጦ ያገኘዋል፤ አንዱን መኪና ሲነዳ፤ አንዱን በደስታው መካከል። የ2001 ዓ.ም. መርዶ እኛን ያገኘን እንዲህ ነው።

ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል ነበር። ሰው ሁሉ እንደየአቅሙ ዶሮውን ሠርቶ፣ ቅርጫውን ተካፍሎ፣ እንኳን አደረሳችሁ ሲባባል ዋለ። በማግሥቱ እኛና የዕድሩ ገንዘብ ያዥ በዕድሩ ቤት በራፍ ላይ ተቀምጠን የቅርጫ ሒሳብ እንተሳሰብ ነበር። ከማዶው ሱቅ ራዲዮ ይሰማል። ድንገት ባለሱቁ የራዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው። ጥላሁን ገሠሠ በፋሲካው ዕለት ማረፉ ይነገር ነበር። ገንዘብ ያዣችን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አንዲት ጎረቤታችን ድፎ ዳቦ በመሶብ ይዛ ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ ነበር፤ መሶቡን ሱቁ ደረጃ ላይ አኑራ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ማንም አላዘዛትም። የሥጋ ዘመድ የሞተባት ሰው የምታደርገውን ነው ያደረገችው።

ከዚያ በኋላ ራዲዮ ሌላ ነገር አላወራም ማለት ይቻላል። ዘፈኑ ይሰማል፣ መካከል ላይ ጋዜጠኛው የሕይወት ታሪኩን ይናገራል፣ ሕዝብ ስልክ እየደወለ ሐዘኑን ይገልጻል። አንዱ በሠርጉ ቀን የተዘፈነለትን፣ ሌላው በስደት ሳለ ያጽናናውን ያነሣል። ማልቀስ ያቃተውም ዝም ብሎ ስልኩን ይዘጋል። እኛ በልጅነታችን በገጠር የምናውቃቸው አልቃሾች የሟቹን ጀግንነትና ደግነት በሙሾ እያነሡ ሕዝቡን ያስለቅሱ ነበር። በዚያ ሳምንት ራዲዮ ልክ እንደ አልቃሽ ሆነ። ልዩነቱ ሟቹ ራሱ በገዛ ድምፁ ለራሱ እያለቀሰ መሰለን።

አሁን ስለ ሰውየው ታሪክ ባጭሩ እናቅርብ፤ ብዙዎቻችሁ ብታውቁትም ለወጣቶቹ ይጠቅማል።

ጥላሁን ገሠሠ የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ዕለቱ መስቀል ነው። በመስቀል ተወልዶ በፋሲካ ሞተ የሚባለው ስለዚህ ነው። ልጅ ሳለ ወደ ወሊሶ ሄዶ ከአያቱ ዘንድ አደገ፤ በራስ ጎበና ትምህርት ቤትም ተማረ። አያቱ ልጁ በትምህርቱ እንዲገፋ እንጂ ዘፋኝ እንዲሆን አልፈለጉም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የነበሩት ሱዳናዊ ግን ስጦታውን አይተው አበረታቱት። የሀገር ፍቅር ተጫዋቾች፣ ከእነሱም መካከል ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይና አቶ ኢዮኤል ዮሐንስ፣ ወሊሶ መጥተው ሲጫወቱ ልጁ አቶ ኢዮኤልን ቀርቦ አነጋገራቸው። እሳቸውም ዘፋኝ መሆን ከፈለግህ አዲስ አበባ መምጣት አለብህ አሉት።

ልጁ ትምህርቱን ትቶ በእግሩ ወጣ። ተጉዞ ቱሉ ቦሎ ዘመድ ቤት አደረ። አያቱ ሰምተው ወደ ወሊሶ እንዲመለስ አዘዙ። እሱ ግን ጭነት በያዘ መኪና ላይ ተንጠላጥሎ አዲስ አበባ ገባ። የመጣበት መንገድ ይኸው ከጎናችን ያለው የጅማ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ስንት ልጅ በጭነት መኪና ላይ ሆኖ ወደዚህ ከተማ ገብቷል! ከእኛም መካከል በዚያው መንገድ የመጣን አለን። ጡረታ እስክንወጣ ስማችን የተጠራው በመሥሪያ ቤት የደመወዝ ፔሮል ላይ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተቀጠረው በሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ክብር ዘበኛ ባንድ ተዛወረ። ያን ጊዜ ታላላቆቹ የሙዚቃ ጓዶች የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የክብር ዘበኛ ነበሩ። በዚያው ባንድ ሳህሌ ደጋጎን የመሰሉ የዜማ ሰዎች ነበሩ። ዘፋኙ ሲጨበጨብለት ከኋላ የሚነፉት፣ የሚመቱትና ዜማውን የደረሱት አብረው የሚሠሩ ነበሩ ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ አልተሳካም። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ ሰው መሆን ብቻ የሚያስጠረጥርበት ጊዜ መጣ። ጥላሁንም ታስሮ ጥቂት ጊዜ ከቆየ በኋላ ተፈታ። ኋላም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው ቤት ሠራ። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በመጨረሻ ዘመኑ የስኳር በሽታ ጸንቶበት አንድ እግሩን አጣ። እንዲያም ሆኖ ተቀምጦ ዘፈነ። ሲያርፍ ዕድሜው 68 ነበር።

እኛ እሱን ያወቅነው በራዲዮ ነው። ልጆች ሳለን በሰፈሩ ራዲዮ ያለው ሰው ይቆጠር ነበር። ትራንዚስተር የገዛ ሰው ራዲዮውን መስኮት ላይ አስቀምጦ ለጎረቤት ያሰማል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና እንከተዋለን። ሸክላ ማጫወቻ የባለጸጋ ዕቃ ነበር። ሸክላ ማሳተምም እስከ 1961 ዓ.ም. ድረስ ለግለሰብ የተፈቀደ ሥራ አልነበረም። በዚያ ዓመት አምሃ እሸቴ የሚባለው ወጣት ደፍሮ የራሱን የሸክላ ድርጅት አቋቋመና እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎች አወጣ። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ድምፆች የተረፉልን እንዲህ ባለው ሰው ድፍረት ነው። በኋላ ከ1990 ዎቹ መግቢያ አንሥቶ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ «ኤትዮፒክስ» በሚል ስም እነዚህን ድምፆች በሲዲ እየሰበሰበ ሲያወጣ 17ኛውን ቅጽ ለጥላሁን ብቻ ሰጠው።

ወደ ኮሚቴያችን እንመለስ። መርዶው በተሰማ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከወጣት አባሎቻችን አምስት የሚሆኑ መጥተው ዳኛችንን ለማነጋገር ጠየቁ። ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ «ለጥላሁን ጥሩምባ ይነፋልን» የሚል። ዳኛችን ኮሚቴውን ጠርተው ነገሩን አቀረቡ። እኛም ቃለ ጉባኤ ያዝን። መዝገቡ ላይ እንዲህ የሚል ክርክር ይገኛል።

አንዱ አባል መተዳደሪያ ደንቡን ገልጠው፣ ጥሩምባ የሚነፋው ለአባል ነው፣ ሟቹ መዋጮ ከፍሎ አያውቅም፣ ዛሬ ለዘፋኝ ከነፋን ነገ ለኳስ ተጫዋች ንፉ እንባላለን አሉ። ሌላው ደግሞ እሳት ጎርሰው ተነሡ፤ «እኛ እኮ ለሥጋ ዘመዳችን ያላለቀስነውን ያህል ዛሬ በራዲዮ ስናለቅስ ውለናል፤ ለቅሶውን ደርሰን ጥሩምባውን እንዴት እንከለክላለን?» አሉ። ሦስተኛው በዕድሜ የገፉ አባታችን ቀስ ብለው፣ «ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ አዝማሪ በሰርግ ይጠራል እንጂ በለቅሶ አይታሰብም ነበር፤ ምን ዘመን መጣ?» አሉ። ነገሩ በክፋት አልነበረም፤ ያደጉበትን መናገራቸው ነው።

ይኼኔ ከሴቶች ተወካይ የነበሩት እናታችን ተነሡ። እሳቸው ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። «አባባ፣ አዝማሪ ያሉትን ቃል ከዚህ በፊትም በዚሁ ቤት ሰምቼዋለሁ» አሉና ወደ እኛ ዞረው፣ «ጸሐፊያችን፣ የ1974ቱን መዝገብ ያወጡት» አሉን። መዝገቡን ማውጣት አላስፈለገንም። የተጻፈው በእኛ እጅ ነበርና በቃላችን እናውቀዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1974 ዓ.ም. አንድ ሳክስፎን ነፊ በሰፈራችን ቤት ተከራይቶ ገብቶ ነበር። በወጣትነቱ ክብር ዘበኛ ባንድ ውስጥ እንደ ነበር ይወራል። በዚያን ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር። ባንድ የሚያጫውት ቤት ገብቶ ያመሸ ሰው በሩ ተዘግቶበት እዚያው ያድራል፤ ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ሲጫወት አድሮ ጧት ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ እሱ ወደ ቤቱ ይገባል። ሣጥኑን አንጠልጥሎ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ለሁሉም ባርኔጣውን አንሥቶ እየሰላመ ሲያልፍ ትዝ ይለናል። ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። አንድ ቀን በንጹሕ ወረቀት ማመልከቻ ጽፎ፣ የመግቢያውን ገንዘብ ይዞ ዕድሩ ቤት መጣ።

ኮሚቴው ተነጋገረ። በቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ምክንያት «በሥራው ጠባይ ሌሊት ስለሚሠራና ቀን ስለሚተኛ ለቀብር ሊደርስ የማይችል በመሆኑ» የሚል ነው። የተነገረው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። «አዝማሪ ነው፤ ቤቱ ለቅሶ ሲሆን ማን ሊመጣበት ነው?» ነበር የተባለው። እኛ ያን ጊዜ ገና ወጣት ረዳት ጸሐፊ ነበርን። ማመልከቻው ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን ገልጸን፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጽፈን፣ ማኅተም መትተን ሰጠነው። አንብቦ አጠፈው፤ አመሰገነንና ሄደ። ሲያመሰግን ዓይናችንን አላነሣንም።

በ1981 ዓ.ም. ሞተ። ክረምት ነበር። ጥሩምባ አልተነፋም። ለቀስተኛ የተቀመጠው ከአንድ ቡና ቤት በተዋሱት አግዳሚ ላይ፣ በላስቲክ ሥር ነው። የሥራ ጓደኞቹ ሳይተኙ መጥተው አስከሬኑን ተሸከሙ። ለቀብር አይደርሱም ያልናቸው ሰዎች ማለት ነው፤ አንድም አልቀረም። የእኛ ድንኳን ታጥፎ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ነበር። እኛ በግል ሄደን ከበር ቆመን ተመለስን። ለመግባት ፊት አልነበረንም።

እናታችን ይህን በ2001 ዓ.ም. ሲያነሡት ቤቱ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይተው፣ «ዛሬ ጧት በራዲዮ ከዘፈኑ ኋላ የሚነፋውን ሳክስፎን ስሰማ ያ ሰው ይሆን እንዴ ብያለሁ» አሉ። ይሁን አይሁን ማን ያረጋግጣል? ጋዜጠኛው የዘፋኙን ስም ይናገራል፣ አንዳንዴም የግጥምና የዜማ ደራሲውን፤ የነፊውን ስም የሚጠራ ግን ስንት ነው? ከመካከላችን ያ ሰው በወጣትነቱ ከማን ጋር እንደ ሠራ የጠየቀው አልነበረም። ሰባት ዓመት ሙሉ ጎረቤታችን ሆኖ ኖሮ!

ያ ስብሰባ ከመሸ በኋላ ሦስት ውሳኔ አሳለፈ። አንደኛ፣ ከዕድሩ ገንዘብ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ጥሩምባው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲነፋና የቀብሩ ቦታ እንዲነገር። ሁለተኛ፣ በደንቡ ውስጥ በሥራው ምክንያት ማንም ሰው እንዳይከለከል የሚል አንቀጽ ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ። ሦስተኛ፣ የሳክስፎን ነፊው ባለቤት ፈቃዳቸው ከሆነ ያለ መግቢያ ገንዘብ አባል እንዲሆኑ። አዝማሪ ያሉት አባታችንም እጃቸውን አወጡ።

ጥሩምባ ነፊያችን ትእዛዙ ሲነገረው፣ «ለቅሶው ማን ቤት ነው ልበል?» ብሎ ጠየቀ። በእርግጥም የቸገረ ነገር ነው። ዳኛችን አስበው፣ «ቤት አትጥራ፤ ስሙንና የቀብሩን ቦታ ብቻ ተናገር» አሉት። እንደዚያው አደረገ። ያን ዕለት ጧት ሰው ሁሉ ከበሩ ወጥቶ ቆሞ ሰማው። በሠላሳ ዓመት የጸሐፊነት ሥራችን ለአባል ላልሆነ ሰው ጥሩምባ ሲነፋ ያየነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በቀብሩ ቀን ከሰፈራችን ብዙ ሰው ወደ መስቀል አደባባይ ሄደ። መሄድ ያልቻሉት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በዕድሩ ቤት በረንዳ ላይ አግዳሚ ወጥቶላቸው ራዲዮ ሲያዳምጡ ዋሉ። ሴቶቹ ከየቤታቸው ቡናና ቆሎ አመጡ። ሥጋው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። የመዝገብ ሰው ስለሆንን አንድ ነገር ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ሳናያይዘው አላለፍንም። በዚያ ካቴድራል የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዐፅም በ1993 ዓ.ም. ዐርፏል። በ1953 ዓ.ም. ዘፋኙን ያሰረው በእሳቸው ስም የሚገዛው መንግሥት ነበር። ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱና ዘፋኙ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተገናኙ። አያቱ ትምህርትህን ተማር ብለው ከቱሉ ቦሎ ሊመልሱት የላኩበት ልጅ አርበኞችና መኳንንት በተቀበሩበት ስፍራ ተቀበረ። አዝማሪ የሚለው ቃል ስድብ የነበረበት ዘመን በዚያ ቀን ያበቃ መሰለን። በእውነት ማብቃቱን የሚያሳየው ግን የእኛው ደንብ ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በግብፅ ኡም ኩልሱም ስትዘፍን፣ በየወሩ በሐሙስ ምሽት የምታቀርበውን ራዲዮ ያስተላልፈው ስለ ነበር የዐረብ አገር ሁሉ ሥራ ፈትቶ ያዳምጥ ነበር ይባላል። በ1967 ዓ.ም. ስትሞት የካይሮ መንገድ በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ ተጥለቀለቀ። ራዲዮ በየቤቱ ገብቶ ያስለመደውን ድምፅ ሕዝቡ እንደ ቤተሰብ ይቆጥረዋል፤ ሲሞትም እንደ ቤተሰብ ይቀብረዋል።

ከጥላሁን በኋላም ራዲዮ ብዙ መርዶ ነገረን። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ጌታቸው መኩሪያ ዐረፈ። እሱ ዘፋኝ አልነበረም፤ ሳክስፎን ነፊ ነበር። የአባቶቻችንን ሽለላ ከአፍ ወስዶ በሳክስፎን ያስነፋ ሰው ነው። የእሱ መርዶ ሲነገር ለአንድ ነፊ ራዲዮ ሙሉ ሰዓት ሲሰጥ ሰማን፤ ያንን ጎረቤታችንንም አሰብነው። ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. የአምሃን የመጀመሪያ ሸክላ የዘፈነው ዓለማየሁ እሸቴ ሄደ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዓሊ ቢራ ዐረፈ። እሱም በወጣትነቱ በክብር ዘበኛ ባንድ ውስጥ ሠርቷል። ኦሮምኛ የማይሰሙ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ዘፈኑን በዜማው እያወቁት አብረው ያንጎራጉሩ ነበር።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ለዕድራችን የሚጠቅመው ምንድን ነው? እኛ የምናየው ይህን ነው። ራዲዮ ለጥላሁን ያደረገውን ማድረግ የቻለው ድምፁ በሸክላና በቴፕ ተቀርጾ ስለ ቆየ፣ ታሪኩንም እሱ በሕይወት ሳለ የጠየቁት ስለ ነበሩ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሸገር ራዲዮ «የጨዋታ እንግዳ» በሚባለው ዝግጅቱ ሰዎችን በሕይወት ሳሉ ቁጭ አድርጎ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያስተርካቸዋል። እንዲህ የተጠየቀ ሰው ሲሞት ታሪኩ አብሮት አይቀበርም። እኛ ጋ ግን ምን ይደረጋል? አባል ሲሞት ቤተሰቡ እያለቀሰ፣ አንድ ልጅ በጥድፊያ ወረቀት ይይዝና «አባታችን መቼ ነው የተወለደው? የት ነበር የሠራው?» እያለ ይጠይቃል። ከዚያ በቀብሩ ላይ ተወለደ፣ ትዳር መሠረተ፣ ታመመ፣ ሞተ የሚል ይነበባል። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው በሦስት ደቂቃ ያልቃል።

ስለዚህ ለዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለውን ሐሳብ ለማቅረብ እንወዳለን። እያንዳንዱ አባል በሕይወት ሳለ አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ በዕድሩ መዝገብ ይያዝለት። ጽሕፈት የማይችል ለእኛ ይንገረን፤ እንጽፍለታለን። እጃችን አሁን ይንቀጠቀጣል እንጂ ፊደላችን ይነበባል። ወጣቶቹ ደግሞ በየኪሳቸው በያዙት ስልክ የአዛውንቶቹን ድምፅ ይቅረጹልን። በዚያ ገጽ ላይ ማዕረግና ሹመት ብቻ አይጻፍ። ድንኳን የሚተክሉት፣ ንፍሮ የሚቀቅሉት፣ መቃብር የሚቆፍሩት፣ በየጎሑ የሚነፋው ጥሩምባ ነፊያችንም ይጻፉ። ከዘፋኙ ኋላ ቆመው የሚነፉት እነሱ ናቸውና።

የሳክስፎን ነፊው ባለቤት በ2001 ዓ.ም. አባል ሆነዋል። ሲመዘገቡ ቅሬታ እናሰማለን ብለው አልተናገሩም፤ እኛው ራሳችን ይቅርታ ጠየቅናቸው። «እሱ ቂም አያውቅም ነበር» አሉን። በዚያው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የዓመቱ ሟች አባላት ስም ሲነበብ፣ በጉባኤው ፈቃድ የባለቤታቸው ስም መጨረሻ ላይ ተጨመረና ሁላችን ቆመን ሰማን። ሃያ ዓመት የዘገየ ጥሩምባ ነው። እንዲህ ያለ መዘግየት ዳግመኛ እንዳይደርስብን የእያንዳንዳችሁን ገጽ ከአሁኑ እንጠብቃለን። የዕድሩ ቤት ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ክፍት ነው። ወረቀትም እስክሪብቶም ከእኛ።

ለሙታን ዕረፍትን፣ ለሕያዋን ጤናን ይስጥልን።